ሪሳይክሊንግ አካባቢን ያድናል ወይስ ያዘናጋናል?

አወያይ፦ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ አንድ አባላችን «መከልከል ምን አመጣው? ሰብስቦ መልሶ መጠቀም (ሪሳይክሊንግ) ይበቃ ነበር» ብሎ ጻፈ። በየውስጥ መስመሩ ከምትነታረኩ እዚሁ በአደባባይ ይሁን። ስድብ የለም።

የካዛንቺሱ፦ አይበቃም። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 12 በመቶው ተቃጥሏል፤ የቀረው ወይ ተቀብሯል ወይ ሜዳ ላይ ነው። ፈረንጆቹ «ለይተን ሰበሰብን» ሲሉ የኖሩትን እየጠቀለሉ ቻይና ይልኩት ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አልቀበልም ስትል ጉዱ ወጣ። ሪሳይክሊንግ አምራቹ እንዳሻው እንዲያመርት፣ ወቀሳው ግን ገዢው ላይ እንዲወድቅ የተፈጠረ ማስታገሻ ነው።

የሰባተኛው ልጅ፦ ወንድሜ፣ ፕላስቲኩን አይተህ ሁሉንም ኮነንክ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርደህ ታውቃለህ? ቁራሌው ከየሰፈሩ የሸመተው እዚያ ይራገፋል። መዳቡ ለብቻ፣ ናሱ ለብቻ፣ አሉሚኒየሙ ለብቻ። ቁርጥራጭ ብረት ማቅለጫ ገብቶ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ ጎማ በረባሶ ይሆናል። የዘይት ጀሪካን እስኪሰነጠቅ ውሃ ይቀዳበታል። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ ከማውጣት አሮጌውን ማቅለጥ 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል፤ ይሄ አካባቢን ካልጠቀመ ምን ሊጠቅም ነው? ቁራሌ ምድርን ላድን ብሎ ከቤቱ አልወጣም፣ ትርፉን አይቶ ነው። ሥራው ግን ተሠርቷል። ፌስታል ሲገዛ አላየሁም፤ እሱን አልክድም።

ሕይወት ከአየር ጤና፦ ሥራው በማን ሳንባ ነው የተሠራው? ቆሼ፣ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ጎረቤቴ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። እዚያው ጎጆ ቀልሰው፣ ከቆሻሻው ሀይላንድና ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። መዳቡን ለማውጣት የሽቦው ላስቲክ ሜዳ ላይ ሲነድ ሸቷችሁ ያውቃል? ምኑም ምኑም ተቀላቅሎ ከቀለጠ ቁርጥራጭ የተሠራ ድስትስ እርሳስ ሊኖርበት እንደሚችል ስንቶቻችን እናስባለን? መልሶ መጠቀሙን አልጠላም። ጥቅሙን ስትደምሩ ግን ጓንት እንኳ የሌለውን ሰው ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ታዛቢ፦ ለምን አቃጥለን መብራት አናደርገውም? ረጲ ቆሻሻ አንድዶ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቶ የለ?

ሕይወት ከአየር ጤና፦ ተሠርቷል፣ በ2010 ነሐሴ ተመርቋል። በቀን 1,400 ቶን እንዲያነድ ነው የታቀደው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊ ነው፣ እርጥብ። እሱ ኮምፖስት ቢሆን ይሻል ነበር።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ለሪሳይክሊንግ የሚሆነውን ሁሉ አንድ ገንዳ ውስጥ እንጥላለን። ጎረቤቴ የፒዛ ካርቶን ከነቅባቱ፣ ፌስታል ከነቋጠሮው ይወረውራል፤ ፌስታሉ መለያ ማሽኑ ላይ ይጠመጠምና ሥራ ያስቆማል። ከጠርሙሱ ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው፤ ብዙ ሰው ግን ተመልሶ ይሠራበታል ማለት ይመስለዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የነዳጅና የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አምራቹን ኤክሶንሞቢልን «ስለ ሪሳይክሊንግ ሕዝብ አታሏል» ብላ ከሳለች። ስለዚህ የካዛንቺሱ ያለው ከሜዳ የተነሳ አይደለም።

የፍራንክፈርቷ፦ እኔ ካየሁት ሪሳይክሊንግ የሚሠራው መያዣ ገንዘብ ሲኖር ነው። ጀርመን አንድ ዳግም የማይሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስትገዙ 25 የዩሮ ሳንቲም ታስይዛላችሁ፣ ባዶውን ስትመልሱ ትቀበላላችሁ። ሰው የጣለውን እንኳ ጡረተኛው ከየቅርጫቱ እየለቀመ ይመልሰዋል (ይሄኛው ደስ የሚል ትዕይንት አይደለም)። አገራችን ደግሞ ዘዴው አዲስ አይደለም። ባዶ ጠርሙስ ካልያዛችሁ ወይ ካላስያዛችሁ ማን ቢራና ለስላሳ ወደ ቤት ይሰጣችኋል? ጠርሙሱ ታጥቦ ደጋግሞ ይሞላል፣ ማቅለጥ እንኳ አያስፈልገውም። የታሸገ ውሃ ሲመጣ ነው ይህን የረሳነው። በየሀይላንዱ ላይ ትንሽ መያዣ ይደረግ።

ባለሱቁ፦ እህቴ፣ የቢራ ሳጥን እርስ በርሱ ይደራረባል። ሀይላንድ ግን ውስጡ አየር ነው፤ ሁለት ጆንያ ከመጣልኝ እኔ ከሱቄ መውጣቴ ነው። እናንተ ጋ የሚጨፈልቅ ማሽን አለ፣ እኔ ጋ የማንን ጉልበት ልጠቀም ነው?

የፍራንክፈርቷ፦ ውሃውን የሚያመጣልህ መኪና ባዶውን ጭኖ ይመለስ። የቢራው መኪና ያደርገው የለ?

ባለሱቁ፦ የሚያመጣልኝ አከፋፋይ ነው፣ የፋብሪካው መኪና አይደለም። በሳምንት አንዴ ከመጣ ነው። አምራቹ የራሱን መሰብሰቢያ በየቀበሌው ይክፈት፣ እኔ መያዣውን ከደንበኛ እቀበላለሁ።

የካዛንቺሱ፦ አምራቹ ይክፈል ካላችሁማ እኔም አለሁ። ፌስታሉ ግን እንደተከለከለ ይቅር።

የሰባተኛው ልጅ፦ አምራቹ ራሱ ሰብሳቢ ከሆነ ቁራሌው ምን ሊበላ ነው? እሱን መልሱልኝና ልስማማ።