የጣና ገባር ወንዞች አፍ በክረምት ለመረብ ይዘጋ?

ከባሕር ዳር፦
ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ዘንድሮም ተነሥቷልና አቋሜን ላስቀድም። መዘጋት ያለበት ሐይቁ በሙሉ ሳይሆን የወንዞቹ አፍ ነው። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ወገን በጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ውኃ ለይቶ ስላቆያቸው አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም አይገኙም። ከእነዚህም በርካቶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች እየወጡ ጠጠራማ በሆነ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እንቁላል የተሸከመውን ዓሣ ገና ሳይጥል በጅምላ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተያዘው መጠን ከ1999 እስከ 2001 ከተያዘው ጋር ሲነጻጸር ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ገደማ መቀነሱ በጥናት ታይቷል።

ከጎርጎራ፣ አስጋሪ፦
ወንድሜ፣ የተናገሩት እውነት ቢሆንም የእኛን ቤት አላዩትም። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ገዢው ግን በዚያ ሰሞን ይፈልገዋል። እህሉ ከጎተራ ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ወር ላይ «መረብህን ስቀል» ቢሉኝ ልጆቼን በምን ላበላ?

ከባሕር ዳር፦
ስለዚህ ነው ሐይቁ ይዘጋ ያላልሁት። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ወደ ወንዝ አይወጣም፤ የሚራባው በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። በደንገል ታንኳ ከዳር ቆሮሶ የሚያሰግሩትን፣ በተለይም ነገደ ወይጦን፣ ይህ ክልከላ ሊነካቸው አይገባም።

ከፎገራ፦
ሁለታችሁም መረብ ላይ ብቻ መከራከራችሁ ይገርመኛል። በእኛ በኩል ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትን ሰው አለ፤ ዱቄቱ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያንሳፍፋል። አሸዋና ጠጠር ሲወጣ መራቢያው አብሮ ይጫናል። በበጋ ደግሞ ውኃው ለሽንኩርት በፓምፕ ተስቦ ሲያልቅ፣ ጫጩቶቹ ወደ ሐይቅ የሚመለሱበት መንገድ ይደርቃል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብም አለ። እኛም ከመስኖው እንጀራ የምንበላ ነንና ፓምፑ ይነቀል አልልም፤ ነገር ግን ሸክሙ ሁሉ በአስጋሪው ትከሻ ላይ መውደቁ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከባሕር ዳር፦
ይህን እቀበላለሁ፤ የእኔ ሐሳብ ከግድቡ በላይ ላለው ወንዝ መፍትሔ የለውም። ቢሆንም የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታልና ከዚህ በላይ መጠበቅ የለብንም። ዛሬውኑ መጀመር የሚቻለው በነሐሴና በመስከረም የወንዞቹን አፍ መጠበቅ ይመስለኛል፤ ለዚያ ጥበቃም ከማንም ይልቅ ውኃውን የሚያውቁት አስጋሪዎች ቢቀጠሩበት የክረምቱን የገቢ ጉድለት በከፊል ይሸፍንላቸዋል።

ከጎርጎራ፣ አስጋሪ፦
ደመወዙ በወሩ የሚከፈል ከሆነ እንነጋገር። የድርማ አፍ ላይ ሁላችንም መረባችንን በአንድ ቀን የምናነሣ ከሆነ እኔ አልቀርም። ባለሞተሩ ጀልባ ሌሊት እየገባ ሲዘረጋ እያየሁ ግን ብቻዬን አላነሣም።