ልጄ ከማጅራት ገትር ተረፈ፤ ግን ስጠራው ዞር አይልም

ጠያቂ (ሐይቅ)፦ የ7 ዓመት ልጄ ማጅራት ገትር ይዞት ደሴ ተኝቶ ታክሞ ወጣ፤ አንድ ወር ሊሞላው ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተርፋለች። ግን የድሮው ልጅ አልሆነም። ስጠራው ዞር አይልም፤ ፊቴን ካየ ይመልስልኛል። ሲመሽ ይንገዳገዳል። በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፣ ታናሽ እህቱን ይመታል። ትምህርት ቤት ስመልሰው "ባለጌ ሆኗል፣ አይታዘዝም" አሉኝ። እናቴ ዱዓ ይደረግለት ትላለች፣ አማቴ ጠበል ይሂድ ይላሉ። ያኔ ላንቀጠቀጠው የታዘዘው ፌኖባርቢታል ሊያልቅ ነው፤ ደግሞበት ስለማያውቅ ልተወው ይሆን?

ነርስ (ኮምቦልቻ)፦ አብሽሪ እህቴ። ይሄ ብልግና ሳይሆን ጆሮ ነው የሚመስለው። ማጅራት ገትር የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ሚዛን የምንጠብቅበት አካልም እዚያው ነው። ጨለማ ላይ ዐይኑ ስለማያግዘው ይንገዳገዳል። ከኋላው ሆነሽ፣ ጥላሽ ሳይታየው፣ ቀስ ብለሽ ስሙን ጥሪ። ትሪ አትደብድቢ፤ ንዝረቱ ተሰምቶት ቢዞር ያታልልሻል። ዞረም አልዞረም በመሣሪያ መመርመር አለበት፤ የሚመከረው ከሆስፒታል በወጣ በ4 ሳምንት ውስጥ ነው። የሚያስቸኩለው፣ የውስጥ ጆሮው አጥንት እየሆነ ሊደፈን ስለሚችል ነው፤ ከተደፈነ መስማት ለተሳነው ልጅ የሚተከለውን መሣሪያ ማስገባት ይከብዳል። የመውጫ ወረቀቱን ይዘሽ ደሴ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጠይቂ። መመርመሪያው ከሌለ ሪፈር አስጽፊ፤ "ሲያድግ ይተወዋል" ብለው ቢመልሱሽ እሺ ብለሽ እንዳትወጪ።

አባት (ኩታበር)፦ መድኃኒቱን በገዛ እጅሽ እንዳታቋርጪ! በድንገት ሲተው ራሱ ያንቀጥቅጣል። ሳያልቅ ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ። የኔ ልጅ ማንቀጥቀጡ ሲነሳበት ጎረቤት ክብሪት ሊያስሸትተው ይሮጣል። ክብሪትም፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም አይሆንም። በጎኑ አስተኝተሽ ሰዓት ያዢ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሕክምና።

ጠያቂ፦ ጠበሉስ?

አንድ አባል (ላሊበላ)፦ ይጠመቅ፣ ዱዓውም ይደረግ፤ ወሎ ላይ ማን ይከለክላል? መድኃኒቱ ግን ሰዓቱ አይለፍ። ውሃ ውስጥም ብቻውን አይግባ። ሐይቅ ከሆናችሁ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ውሃው እንዳይወርድ፤ ሚዛኑ ገና አይታመንም።

መምህር (ወልድያ)፦ "ባለጌ" ያሉት ነገሩ ሳይገባቸው ነው፤ ራስሽ ሄደሽ አስረጂያቸው። ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ አያውራ። እንዲህ ካለ ሕመም የተነሳ ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፣ ይረሳል፣ ይነጫነጫል። ለጊዜው እስከ እረፍት ብቻ ተምሮ ይመለስ። ትንሿንም አትርሻት፤ እሱ ሲተኛ ለብቻዋ አጫውቻት።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጣችሁ። ሰኞ ደሴ እንሄዳለን፣ ትንሿን አማቴ ይይዙልኛል።

ነርስ (ኮምቦልቻ)፦ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም የአንገት መድረቅ ከመጣ ግን ሰኞን እንዳትጠብቂ። የትንሿንም የክትባት ካርድ ጤና ጣቢያ አሳዪ፤ ያልጨረሰችው ካለ ይሰጣታል።