ጎተራ፣ ጎታ፣ ጎምቢሳ፦ አንድ ናቸው?

ጠያቂ፦ ጅማ ዙሪያ የእህሉን ቤት አንዱ ጎተራ፣ ሌላው ጎምቢሳ ይለዋል። ጎታ የሚልም አይጠፋም። ከኦሮምኛ ስመልስ ሁሉንም «ጎተራ» ብል ያስኬዳል?

ባለ ቀለም፦ ጎታን ከሁለቱ ለይልኝ። ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተቦክቶ የሚሠራ የቤት ውስጥ ዕቃ ነው። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ጎተራ ግን ደጅ የሚቆም፣ የራሱ የሣር ክዳን ያለው ቤት ነው።

የጅሬን ልጅ፦ ጎምቢሳ የኦሮምኛ ስሙ ነው፤ የተመረገውም ያልተመረገውም በዚሁ ይጠራል። ስለዚህ ስትተረጉም ግድግዳውን ጠይቅ። በቆሎ ከነቆረቆንዳው የሚገባ ከሆነ እርጥበቱ ገና አላለቀም፤ ነፋስ እንዲያልፍ እንጨቱ ወይም ቀርከሃው ሳይመረግ ይተዋል። የተፈለፈለና የደረቀ እህል ግን በስንጥቅ ይፈሳል፣ ስለዚህ በጭቃና በእበት ይመረጋል። እርጥቡን በቆሎ በተመረገው ውስጥ የዘጋ ሰው ሻጋታ ይጠብቀዋል። ለማከማቸት እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ገደማ ሊወርድ ይገባል። ደርቆም ቢሆን ነቀዝ አለ።

ባለ ቀለም፦ «ነቀዝ» እና «ነቀዘ» ሥራቸው አንድ ነው፤ ከዚያው ሥር «ንቅዘት» ለሹመኛ ጉቦኝነት ተባለ። ምሳሌው ልክ ነው፤ ነቀዝ ፍሬውን ከውስጥ ነው የሚቦረቡረው፣ ቀዳዳው ሲታይ ዱቄቱ አልቋል። «የእህል ጎተራ» ስንል ደግሞ እህል የሚተርፈው አገር ማለታችን ነው። አንዳንድ ጋዜጠኛ «የዳቦ ቅርጫት» የሚለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ቃሉ እያለን።

ጠያቂ፦ እግሩስ? ድንጋይ ላይ የሚቆመውም እንጨት ላይ የሚቆመውም አንድ ነው?

የጅሬን ልጅ፦ ስሙ አይለወጥም። ከፍታው የሚጠቅመው ምስጥንና አይጥን ለመከላከል ነው። እንጨት እግር ካለው የቆርቆሮ ቆብ ዙሪያውን ይጠለቅለታል፤ ቆቡ ከመሬት ወደ አንድ ሜትር ካልራቀ አይጥ ይዘለዋል። ዛፍ ወይም አጥር ተጠግቶት ከቆመም ቆቡ ከንቱ ነው።

ጠያቂ፦ አሁን ብዙው ባዶ ነው፤ እህሉ በጆንያ ቤት ገብቷል።

የጅሬን ልጅ፦ ባዶውን ዶሮ ያድርበታል፣ ማገዶ ይደረደርበታል። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ለማስቀመጥ የሚጠቀምበትም አለ፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ቡና ሽታ ይስባል። ማዳበሪያ፣ ኬሮሲን ወይም የዶሮ ኩስ የነበረበት ጎተራ ውስጥ የገባ ጀንፈል ሲቀመስ ይናገራል።

ባለ ቀለም፦ ዶሮ የሚያድርበትን ግን «ጎተራ» ከማለት «የዶሮ ቤት» በሉት፤ ጎተራ እህል ይጠይቃል።

የጅሬን ልጅ፦ እዚህ አልስማማም። ሰዉ «ዶሮዎቹ ጎተራው ውስጥ ናቸው» ነው የሚለው።