በቃል የተገባ የደመወዝ ጭማሪ ሲከለከል በሕግ መጠየቅ ይቻላል ወይ?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦

ሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። መስከረም ላይ ስቀጠር ሥራ አስኪያጁ በሒሳብ ሠራተኛዋ ፊት፣ ለሦስት ወር የሙከራ ጊዜ 6,000 ብር፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ግን 9,000 ብር እንደሚከፈለኝ ነገረኝ። የተፈረመ ውል አልተሰጠኝም። እስከ ግንቦት መጨረሻ የተከፈለኝ ያው 6,000 ብር ሲሆን፣ በየወሩም ፔሮሉ ላይ ፈርሜያለሁ። መጋቢት ላይ በቴሌግራም ስጠይቀው «ትንሽ ታገሥ፣ የአንተ ጭማሪ ከፋሲካ በኋላ ይስተካከላል» ብሎ ጻፈልኝ። አሁን ሰኔ ከገባ በኋላ ግን «በወረቀት የያዝከው ነገር አለ?» ይለኛል። በቃል የተባለ ነገር ፍርድ ቤት ዋጋ አለው? ብከስስስ ከሥራ ያሰናብተኛል?

መልስ፣ የሥራ ክርክር ከሚይዝ ጠበቃ፦

ወንድሜ፣ ዋጋ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሌላ ሕግ ካልተደነገገ በስተቀር የሥራ ውል በተለየ ፎርም መደረግ የለበትም፤ በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ አሠሪው ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ስለዚህ «ወረቀት የታለ?» የሚለው ጥያቄ መቅረብ የነበረበት ለራሱ ለሥራ አስኪያጁ ነው።

የሙከራ ጊዜውም ቢሆን ችግር አለበት። ሕጉ የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ እንዲደረግና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ያዝዛል። የእርስዎ በቃል ብቻ የተደረገ በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ መደበኛ ሠራተኛ ይቆጠራሉ ብሎ መከራከር ይቻላል።

ዋናው ሥጋት ይርጋው፣ ማለትም መብት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ነው። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የታኅሣሥ ልዩነት በታኅሣሥ መጨረሻ መከፈል ከነበረበት፣ ሰኔ ሲያልቅ የዚያ ወር 3,000 ብር ከእጅዎ ይወጣል፤ ቀጥሎ የጥር፣ ከዚያም የየካቲት እያለ ይቀጥላል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ያለው ልዩነት 18,000 ብር ነው። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። የመጋቢቱ መልእክት እንደዚያ መታመን ይቆጠር እንደሆነ ግን ወሳኙ ዳኛው ስለሆነ፣ በእርሱ ተማምነው አይቀመጡ። የእርስዎ የማስታወሻ ደብዳቤ ብቻውን ይርጋ አያቋርጥም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሕጉ ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሰጥ ቢያዝም ቀጠሮ ሊጓተት እንደሚችል አስበው ይግቡበት። ማሰናበቱን በተመለከተ፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ አስቀምጧል።

መልስ፣ በሆቴሎች የሰው ኃይል ክፍል ከሠራ፦

ጠበቃው ያሉት ትክክል ቢሆንም ፔሮሉን ቀለል አድርገው ያለፉት ይመስለኛል። የአሠሪው ጠበቃ በመጀመሪያ የሚያቀርበው ያንን ፊርማ ነው፤ «ስድስት ወር ሙሉ ሳይቃወም ፈርሞ ተቀብሏል» ይላል። የሰኔን ደመወዝ ሲቀበሉ ከፊርማዎ አጠገብ «ልዩነቱን የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ» ብለው ይጻፉ፤ ካልፈቀዱልዎት በዚያው ቀን በቴሌግራም ይላኩለት።

የመጋቢቱን መልእክት ደግሞ አስተውለው ያንብቡት። «የምን ጭማሪ?» አላለም፤ «የአንተ ጭማሪ» ነው ያለው፣ ያውም የሚስተካከልበትን ጊዜ ጠቅሶ። የገንዘቡ መጠን ስላልተጻፈበት ግን 9,000 የሚለውን የሚያስረዳልዎት ምስክር ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ እዚያው የምትሠራ እንጀራዋን የምትፈራ ሰው ስለሆነች፣ በእርሷ ብቻ አይመኩ። አብረዎት ተቀጥሮ ተመሳሳይ ነገር የተነገረው ሰው ካለ ይፈልጉ። የመልእክቱን ቅጂ ከነቀኑ አትመው ያስቀምጡ፤ ቴሌግራም ላይ ላኪው ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት በአንድ ገጽ ደብዳቤ አጭር ቀን ሰጥተው ቢጠይቁት መልካም ነው። እስማማለሁ ካለ ገንዘቡና ቀኑ የተጠቀሰበት ፊርማና ማኅተም ያለው ጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቃል ተስፋ አሁን አይበቃም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልፌአለሁ፤ ከጥር ወዲህ «የፈረቃ ኃላፊ» የሚል ባጅ ተሰጥቶኛል። ሥራ አስኪያጁ አሁን «አንተ ማኔጅመንት ነህ፣ የሠራተኛ ሕግ አይመለከትህም» ይለኛል። የጠበቃ አበል ለመክፈልም አቅም የለኝም።

መልስ፣ ከዚያው ጠበቃ፦

አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፤ ሆኖም የሥራ መሪ የሚያሰኘው ፖሊሲ የማውጣት ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ነው እንጂ ባጅ አይደለም። እርስዎ ቁልፍ የሚያስረክቡና የፈረቃ ሰዓት የሚመዘግቡ ከሆነ ሠራተኛ ነዎት። በክስ ማመልከቻው ላይ በየቀኑ የሚሠሩትን በዝርዝር ይጻፉ፣ ከተቻለም የሥራ መደብ ደብዳቤዎን ያያይዙ። ለጠበቃው ጉዳይ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ስላለ፣ የቴሌግራሙን ቅጂ፣ የሥራ መታወቂያዎንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ ይዘው በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ደብዳቤው መልስ አገኘም አላገኘም፣ ክሱ ከሰኔ 30 በፊት መዝገብ ቤት መግባት አለበት።