የምግብ ሽታ ቤት ያስለቅቃል እንዴ?

የፍኖተ ሰላሟ (ማንሃይም፣ ጀርመን)
እንዴት ከረማችሁ ወገኖቼ። ምክር ፈልጌ ነው። አከራዬ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ጎረቤት ተማሯል፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ካልታረመ ውሉን አቋርጣለሁ ነው የምትለው። እኔ እረፍቴ ቅዳሜ ብቻ ነው። የሳምንቱን ወጥ የምሠራውም ያን ቀን ነው። ሽንኩርት ሳቁላላ፣ ቅቤ ሳነጥር መሽተቱ መቼም አይቀርም። ታዲያ ልጆቼን የቆርቆሮ ሾርባ ላብላቸው? ይባስ ብሎ እናቴ ለፍልሰታ ፍቺ ትመጣለች። በደወልኩ ቁጥር "በርበሬ ልያዝ? ቅቤ ልያዝ?" ነው። እሷ ከመጣች ደግሞ ምድጃው ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። ሴትዮዋ በዚህ ምክንያት ልታስወጣኝ ትችላለች? እናቴስ ቅቤውን ይዛ መግባት ትችላለች?

ጋሽ ቢቸና (ፍራንክፈርት)
ልጄ፣ አትደንግጪ። እዚህ አገር ምግብ ማብሰል የመኖሪያ ቤት ተራ አገልግሎት ነው። ሸተተ ተብሎ ብቻ ማንም ብድግ ብሎ አያስወጣሽም። ደብዳቤውን ግን በዝምታ አትለፊው። ርዕሱ ላይ "አብማኑንግ" የሚል ካለበት ማስጠንቀቂያ ነው፣ በኋላ ማስረጃ አድርገው ያመጡብሻል። መልስሽ በጽሑፍ ይሁን። ሚተርፈራይን የሚባል የተከራዮች ማኅበር አለ። መዋጮ ከፍለሽ አባል ስትሆኚ ደብዳቤውን የሕግ ሰው ያይልሻል። ደግሞ ስታበስሉ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ የኮሪደሩን በር ግን ዝጉ። የእኛ ሰው ጭሱ ይውጣ ብሎ በሩን ይበረግደዋል፣ ያኔ ጎረቤት ቢናደድ እውነት አለው። በረንዳ ላይ እሠራለሁ እንዳትይ፣ ሌላ ጣጣ ነው። አልጠየቅሽም እንጂ ስለ ካውሲዮንም ልንገርሽ። ማስያዣው ማሞቂያና ሌላው ሳይታከል ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውልሽን አውጥተሽ እይው።

የፍኖተ ሰላሟ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አብማኑንግ የሚል የለበትም። ቅቤውስ?

ደጀን (ሮተርዳም)
ቅቤውን እርሺው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ተነጥሯል ማለት አያድንም። ቋንጣም ያው ነው። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፣ የጎጃም ማር ካገኘች እሱን ታምጣ። ደረቅ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ሲይዙ እኔ አላየሁም። የሻንጣውን ቦታ ለእነሱ ተዪው።

እትዬ ሞጣ (ስቱትጋርት)
ልጆች፣ ቅቤ እዚሁ ይነጠራል እኮ። ጨው የሌለበትን ግዙ። የዚህ አገር ቅቤ በሕግ ቢያንስ 80 በመቶው ስብ ነው። ቀሪው ባብዛኛው ውኃ ነው። ሥራው ያን ውኃ በስሱ እሳት ማባረር ነው። ኮረሪማ፣ አመስ አመስ የተደረገ አብሽ፣ ቆንጠር ያለ እርድ፣ ከዚያ ኮሰረት። እናትሽ ኮሰረቱን ታምጣ፣ እዚህ የሚቸግረው እሱ ነው። አረፋው ሲወርድና መንጣጣቱን ሲያቆም ቶሎ አውጪና አጥሊው። ካረረ ግን ሽታው ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል፣ ያኔ እኔም ከአከራይሽ ጋር ነኝ።

የሽንኩርቱም መላ አለው። ያለ ዘይት በከባድ ድስት አድርጊው፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ እሳቱን ቀንሺ። በራሱ ውኃ ይበስላል። በየመሃሉ ማማሰል ነው። ዘይቱ ወይም ቅቤው ኋላ ይገባል። በርበሬውን ከጨመርሽ ወዲያ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውኃ አጠጪው እንጂ ደረቁን አታንገብግቢው። ጎረቤት የሚያስለው የተንገበገበ በርበሬ ነው። ያ የሚመጣው ደግሞ ከችኮላ ነው።

ዳንግላ (ኮሎኝ)
እትዬ እጅዎት ይባረክ፣ አፌ ውኃ ሞላ። እኔስ የናፈቀኝ ኮሰረት ብቻ አይደለም። ጠዋት ወተት ሲናጥ የቅሉ ድምፅ፣ አሬራው፣ የዳጉሳው እንጀራ። ጎመኑ ከጓሮ፣ ጤና አዳሙ ከጓሮ። እዚህ "ባዮ"፣ ተፈጥሯዊ ነው እያሉ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጡልን የእናቶቻችንን ጓሮ ነው። እኔ የሱቅ በርበሬ ቤቴ አላስገባም። ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ፣ እሷም ሰው ሲገኝ በርበሬና ሽሮ ትልክልኛለች። ንጹሕ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት።

ማርቆስ
እኔ የምጽፈው ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ ነው፣ ኔትወርክ ሲገኝ። ወንድሜ ዳንግላ፣ "ትልክልኛለች" ብለህ በአንድ ቃል ጨረስከው! ዛላው ተገዝቶ ይቀነጠሳል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ተወቅጦ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በቀይ ሽንኩርትና በበሶብላ ይደለዛል። ታፍኖ ያድራል፣ እንደገና ይሰጣል። ከዚያ ቅመሙ ታምሶ ይገባበትና ወፍጮ ቤት። ዝናብ ከመጣ ሩጫ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ወገብ ይቆርጣል። እናትህ ስንት ዓመቷ ነው? ላኪ እስኪገኝ፣ መንገዱ ሰላም እስኪሆን ያለውን ጭንቀት ደግሞ አልቆጠርኩትም።

እንዲያው ከጎጃም የመጣ ሁሉ ንጹሕ ነው አትበሉ። ለጋ ቅቤ የምትገዛው የምታውቀውን ባላገር ይዘህ ነው። ገበያ ላይ ሙዝና የምግብ ዘይት የተቀላቀለበት ያጋጥማል። እኛ ትንሽ አቅልጠን እናረጋዋለን። ሲረጋ ሁለት ቦታ ከተከፈለ አንገዛም። በርበሬም መሬት ላይ ተሰጥቶ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። አፍላቶክሲን የሚሉት መርዝ ከሻጋታ ነው የሚመጣው፣ ብታምሰው አይጠፋም። እናትየው ሸራ አንጥፋ፣ ከፍ አድርጋ ካላደረቀችው ከሱቁ በምን ይሻላል?

ዳንግላ
እህቴ፣ ምን አስቆጣሽ? እናቴ ደስ ብሏት ነው የምትሠራው። ገንዘቡንም እኔ ነኝ የምልከው።

ማርቆስ
ደስ ብሏት ነው፣ ማን ካደ። ብሩም ይደርሳል፣ ተባረክ። ግን የኑሮውን ውድነት ታውቀዋለህ። የላክኸው ገንዘብ ግማሹ ተመልሶ ላንተው በርበሬ ሲገዛ እናትየው ምን በላች? አንተስ ድስት ጥደህ ታውቃለህ?

ዳንግላ
ድስትና ጾታ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ባህላችን ይታወቃል።

ደጀን
ግባበት እንጂ! እኔ ቤት እንጀራ የምጋግረው እኔ ነኝ። ጤፉ እዚሁ ሆላንድ የበቀለ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ሲያስጨንቀን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ክረምት ላይ ሊጡ ብርድ አይወድም። የሊጡን ዕቃ ምድጃ ውስጥ አስገብቼ የምድጃዋን መብራት ብቻ አበራለሁ፣ ያ ሙቀት ይበቃዋል። አብሲት እጥላለሁ። የስንዴ ዱቄት አልቀላቅልም። ሚስቴ ትበላለች፣ እኔ እኮራለሁ። ባህል አልጠፋም።

ጋሽ ቢቸና
የቢቸናና የደጀን ነጭ ጤፍ እያለ የሆላንድ ጤፍ! ጉድ ነው መቼም።

ደጀን
ጋሼ፣ ከሌለው ያለው። ደግሞ ዓይኑ ያምራል፣ መጥተው ይቅመሱት።

እትዬ ሞጣ
ማርቆስ እውነቷን ነው። እኔ ቀን የሰው ቢሮ ሳጸዳ ውዬ ማታ እንጀራ ልጋግር ብል ወገቤም አይሰጠኝ። እንጀራውን ከሱቅ እገዛለሁ፣ አላፍርበትም። ወጡን ግን ራሴ እሠራለሁ። ሁሉን ከመነሻው በእጄ ካልሠራሁ እያለች ራሷን የጎዳች ስንት ሴት አውቃለሁ። ወንዶቹ ደግሞ "የእናቴ ወጥ፣ የእናቴ ወጥ" ትላላችሁ፣ ሳህን ግን አታነሱም።

ዳንግላ
እትዬ እርስዎም ዞሩብኝ?

የፍኖተ ሰላሟ
ኧረ ሰዎች! መልሱን እስከ ዓርብ ስጪ ብላኛለች። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጋሽ ቢቸና
በሩን ዘግቼ፣ መስኮት ከፍቼ ነው የማበስለው፣ ከዚህ በኋላም እጠነቀቃለሁ ብለሽ በትሕትና ጻፊ። ይቅርታ አጥፍቻለሁ የሚል ቃል አታስገቢበት። የአየር መሳቢያው የሚሠራ መሆኑን እይ፣ ካልሠራ እሱንም ጻፊው። ምድጃው ከነመሳቢያው የእሷ ከሆነ ማሠራት የእሷ ፈንታ ሊሆን ይችላል። እሱን ሚተርፈራይን ይንገርሽ።

የፍኖተ ሰላሟ
መሳቢያው ከገባሁ ጀምሮ አይሠራም! ምድጃውም የቤቱ ነው። ግን እናቴ ስትመጣ ሰው በዛ ብላ ነገር ብታነሳስ?

ዳንግላ
የእናት ጉብኝት ማን ይከለክላል። እሺ ማርቆስ፣ አሸነፍሽ። ለፍልሰታ ፍቺ ዶሮ ራሴ ልሥራ። ለአንድ ዶሮ ስንት ሽንኩርት ይገባል?

ማርቆስ
እናትህን ደውለህ ጠይቃት። በርበሬ እንዳታዛት ብቻ።

እትዬ ሞጣ
2 ኪሎ። በማሽን አትፍጨው፣ ውኃው ይበዛና ይመርሃል። በእጅህ አድቅቀህ ክተፈው። ቀይ ሽንኩርት ይሁን፣ ነጩ ይጣፍጣል። ዶሮውን ደግሞ በሎሚና በጨው ደጋግመህ እጠበው።