የአይጥ ልጆች ስብ እየጠጡ ስብ የማይሠሩት ለምንድን ነው?

ተማሪዋ፦ ሰላም ጓዶች፣ ለሴሚናር የተሰጠኝ ርዕስ አወዛገበኝ። የአይጥ ልጆች ጡት በሚጠቡበት ጊዜ ጉበታቸው ውስጥ ስብ የሚያቃጥሉት ጂኖች ንቁ ናቸው፣ ስብ የሚሠሩት ግን ጭጭ ብለዋል። የሚጠጡት ስብ አይደለም እንዴ?

ጉበቱ፦ መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ እኮ! የአይጥ ወተት ጉልበቱ በአብዛኛው ከስብ ነው፣ ስኳሩ ትንሽ ነው። ስብ ተሠርቶ እየመጣለት ጉበት ምን ብሎ ይደክማል? የወተቱ ፋቲ አሲድ (ስብ ሲፈርስ የሚወጣው) ራሱ ፒፓር አልፋ የሚባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ እሱ ደግሞ ስብ ወደ ሚቶኮንድሪያ (የሴሉ የኃይል ማመንጫ) ገብቶ እንዲቃጠል የሚያደርጉትንና ኬቶን (ጉበት ከስብ የሚሠራው ነዳጅ) የሚያመርቱትን ጂኖች ያስነሳል። ኬቶኑን አንጎል ይጠቀምበታል።

አይጥ ጠባቂ፦ ልክ ብሏል። በ21 ቀን አካባቢ ጡት ትተው ስታርች የበዛበት መኖ ሲጀምሩ ኢንሱሊን ከፍ፣ ተቃራኒው ሆርሞን ግሉካጎን ዝቅ ይላል። ያኔ ፋቲ አሲድ ሲንቴዝን የመሳሰሉ ስብ ሠሪ ኢንዛይሞች ይነሳሉ። ግን ጡት ካስጣልሽ በኋላ ስብ የበዛበት መኖ ብትሰጫቸው እምብዛም አይነሱም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ነገሩ ሁሉ የምግብ ነው? ዕድሜ ምንም አያገባውም?

አይጥ ጠባቂ፦ መለየቱ ራሱ ከባድ ነው። ግሉኮኪኔዝን ተመልከቺ፣ ጉበት ግሉኮስን እንዲጠቀም የሚያደርገውን ኢንዛይም፤ ጉበት ውስጥ ብቅ የሚለው በ15ኛው ቀን ገደማ፣ ገና እየጠቡ ነው። ግን በዚያው ሰሞን የእናታቸውን መኖ መቀማመስ ይጀምራሉ፣ ሌቦች!

ተማሪዋ፦ ኧረ ተባረኩ፣ ስላይዱን ከዚህ እጀምራለሁ።