ክርክር፦ የኬጂ ልጅ መዶሻ ይያዝ ወይስ አይያዝ?

መምህርት (ደሴ፣ ሙጋድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በወላጆች ስብሰባ ላይ ያነሳሁት ሐሳብ ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ ላምጣው። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች በሳምንት አንድ ቀን እንጨት ይሥሩ ነው ያልኩት። እውነተኛ መዶሻ፣ እውነተኛ ምስማር፣ ለስላሳ እንጨት። ግማሹ ወላጅ ደስ አለው። ግማሹ «ልጆቻችንን ልታስጎጂ ነው ወይ?» አለኝ።

ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ሀ ሁ ሲገለብጡ ይውላሉ። ጣታቸው ሳይጠና እርሳስ አስጨብጠን መስመር ጠብቁ እንላቸዋለን። የእህቴን ልጅ ምስማር ሲመታ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ መዶሻውን ከብረቱ ሥር ጨብጦ ነካ ነካ አደረገው። አልገባለትም። እጁን ወደ እጀታው ጫፍ ዝቅ አደረገ። አሁን ኃይል አገኘ፣ ግን ምስማሩ ተጣመመ። ነቀለው፣ ሌላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመውና እንደገና ጀመረ። ማንም ምንም አላለውም። ስህተቱን የነገረው ምስማሩ ነው። ደብተሩ ላይ ግን ልክ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው የእኔን ራይትና ኤክስ አይቶ ነው። ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ክፍሉን ግን ረሳሽው። ሃምሳ ምናምን ልጅ፣ አንድ መምህርት፣ አንዲት ረዳት። አንዱ መዶሻ ሲያነሳ ከኋላው ያለውን ልጅ ግንባር ቢመታስ? በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዛው የምትሮጠው ማን ናት? የቀሩትንስ ማን ያያቸዋል? ልጄ እጁን አይጠቀም አላልኩም። ቤት ወጥ ስሠራ ሽንኩርት ይከትፍልኛል። ግን እኔ አጠገቡ ነኝ፣ እሱም አንድ ነው።

አባት (ደሴ፣ ሆጤ)

እኔ በግልጽ ልናገር። በየወሩ የምከፍለው ልጄ ማንበብ እንዲችል ነው። አናጺ መሆን ካማረው አድጎ ይማረው፤ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እዚሁ ደሴ አለ። ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። የገጠሩን ልጅ ከሥራ አውጥተን ትምህርት ቤት ለማስገባት ስንታገል፣ የከተማውን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መዶሻ ማስጨበጥ ግራ ያጋባኛል።

የመምህራን አሠልጣኝ (ደሴ)

ወንድሜ፣ በዚህ ላይ በአክብሮት በሐሳብ ልለይህ። አዋጁ የሚያወራው ስለ ቅጥር ነው። እዚህ የሚቀጠር ልጅ የለም፤ የሚሸጥ ዕቃም የለም።

ኬጂ የምንለው ነገር ራሱ ሲጀመር እንጨት ይዞ ነው የመጣው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ላይ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ለልጆቹ ያዘጋጀላቸው የእንጨት ኳስ፣ ኪዩብና ሲሊንደር ነበር። ፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ግዴታ አደረገች። ዓላማው ሁሉንም ልጅ አናጺ ማድረግ አልነበረም፤ እጁም ጭንቅላቱም አብረው እንዲማሩ ነው።

የእኛን አገር ጉዳይም አንርሳ። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። «ካልተማርክ ወንበር ጠራቢ ትሆናለህ» እየተባለ ያደገ ልጅ በእጅ ሥራ ላይ ምን ዓይነት አመለካከት ይኖረዋል?

አባት (ደሴ፣ ሆጤ)

ሙያ አልናቅሁም፤ አባቴም ሸማኔ ነበሩ። የምለው ቅደም ተከተል ይኑረው ነው። 2ኛ ክፍል ደርሶ ፊደል ያልለየ ልጅ ስንት እንዳለ አንተም ታውቃለህ።

አናጺ (ኮምቦልቻ)

እንደምን ዋላችሁ። በመዶሻው ትከራከራላችሁ፤ ስለ እንጨቱ የጠየቀ ግን አላየሁም።

በእኛ አካባቢ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ለትልቅ ሰውም ምስማር ያጣምማል። ልጅ እሱን ከሰጣችሁት ተናዶ ይተወዋል፣ ወይም ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታና ጣቱን ያገኘዋል። ለልጅ የፈረንጅ ጥድ ነው። ለስላሳ ነው፣ ምስማር ይቀበላል። ቁርጥራጩ ከየእንጨት ቤቱ አይጠፋም።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ አታስገቡ። በኮላ የተጋገረ ስለሆነ ብናኙ ደቃቅና መጥፎ ነው። የማንኛውም እንጨት ብናኝ ቢሆን ለዓመታት ሲተነፍሱት ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም መድቦታል። ልጆቹ በሳምንት አንድ ቀን ቢሠሩ እንደ እኛ አይሆኑም፤ ቢሆንም ብርጭቆ ወረቀት ክፍል ውስጥ አይታሽ፣ ውጭ ይሁን። ሰጋቱራውንም በደረቅ መጥረጊያ አታቡንኑት፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት።

ከፋብሪካና ከደረቅ ወደቡ የሚወጣ ፓሌት የሚያመጣላችሁ ሰው ይኖራል። ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም እዩ። «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት የታከመ ነው። «ኤም ቢ» ካለ በጋዝ መርዝ የታከመ ነውና መልሱት። ማኅተም ከሌለውም ይቅርባችሁ። የመብራት ምሰሶ ቁራጭማ በጭራሽ፤ መድኃኒት የጠጣ ነው።

መዶሻው እጀታው አጭር፣ ክብደቱ ከ300 ግራም የማይበልጥ ይሁን። ምስማሩን ልጁ በጣቱ አይያዝ። ወፍራም ካርቶን በጣት ስፋት ትቆርጡና ምስማሩን ጫፉ ላይ ትሰኩታላችሁ፤ ልጁ የካርቶኑን ሌላ ጫፍ ይይዛል። ምስማሩ ከቆመ በኋላ ካርቶኑን ቀድዶ ይመታል። ጣቱ መዶሻው ከሚያርፍበት ራቀ ማለት ነው። መነጽር ለልጁም ለትልቁም።

እኔን የሚያስፈራኝ መጋዝ ነው። እንጨቱ በሞርሳ ካልታሰረ መጋዝ አይነሳ። ሲነሳም አንድ ትልቅ ሰው ለአንድ ልጅ፣ የልጁ ሁለት እጅ እጀታው ላይ። ይህን የማትችሉ ከሆነ እኔ ቆርጬ ልላክላችሁ፤ እነሱ ይምቱ፣ ይገጣጥሙ።

እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። የካርቶኑ ነገር ገብቶኛል። የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ ሰው የታለ?

መምህርት (ደሴ፣ ሙጋድ)

አብሽሪ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ሃምሳውን በአንድ ጊዜ ብሞክረው ከመጀመሪያው ቀን አይዘልቅም። ያሰብኩት እንዲህ ነው። ዓርብ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ አራት ልጆች ብቻ። እነሱ ጋ እኔና አንድ ወላጅ እንሆናለን። ረዳቷ የቀሩትን ክፍል ውስጥ ይዛ ተረት ታወራላቸዋለች። ተራው እስኪዳረስ ወራት ይፈጃል፤ ይፍጅ። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጋዝ የለም። ሴትም ወንድም ተራው እኩል ነው፤ «ይሄ የወንድ ነው» የሚል ወላጅ ስለነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

ንባቡን በተመለከተ ወንድሜን አልሸሸውም። ከንባብ ሰዓት አንድም ደቂቃ አልወስድም። የምወስደው ከግልበጣው ሰዓት ነው። ልጁ የሠራው ላይ ስሙን ራሱ ይጽፍበታል።

አባት (ደሴ፣ ሆጤ)

የፈቃድ ወረቀት ይበተን። የማይፈርም ወላጅ ልጁ አይገደድ። እኔ ለጊዜው አልፈርምም፤ የሌሎቹን ልጆች ግን መጥቼ አያለሁ።

እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ወላጁ ቀጥሮ የቀረ ዕለትስ?

መምህርት (ደሴ፣ ሙጋድ)

የመሣሪያው ሳጥን አይከፈትም። ልጆቹ ቢያለቅሱም አይከፈትም።

እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

እንዲያ ከሆነ እፈርማለሁ። የመጀመሪያውን ዓርብ እኔን ጻፊኝ።